ተተኪዬን ያሰለጠንኩበት ዓመት

የቡድናችን ሥራ አስኪያጅ ሆነው የመጡት ሰው በልጅነቴ የስፖርት መምህሬ ነበሩ። ሶዶ ውስጥ ሴት ልጅ ኳስ ስትጫወት መንገደኛው ቆሞ ይስቅ በነበረበት ጊዜ፣ ቤታችን ድረስ መጥተው አባቴን ያነጋገሩት እሳቸው ናቸው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። ቁምጣ ለብሳ ሜዳ ላይ የምትንከባለል ልጅ ይዞ ምእመናን ፊት መቆም ከብዶታል። መምህር ጓሯችን ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ወንበር አስጠግተው ተቀመጡና በወላይትኛ፣ "የልጅህን እጅ ኳስ አያመልጠውም። እኔ አለሁላት፤ እንደ ልጄ ነው የማያት" አሉት። አባቴ የተረታው ለኳስ አልነበረም፤ ለሰውየው ነው። እስኪያርፍ ድረስ አንድም ቀን ሜዳ መጥቶ አላየኝም፤ ጨዋታ ባለኝ ቀን ግን ማልዶ ተነስቶ ይጸልይልኝ ነበር።

መምህር በሥራ አስኪያጅነት ሲመለሱ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ በረኛም አምበልም ነበርኩ። ቡድኑ የአንድ የንግድ ድርጅት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከሊጉ ላለመውረድ የመጨረሻዋን ጨዋታ አቻ ወጥተን፣ ሌላ ሜዳ ላይ ሌሎች ተሸንፈውልን ነው የተረፍነው። አሰልጣኝ ይመጣል፣ ሻንጣውን ሳይፈታ ይሄዳል። የድርጅቱ አለቆች ግራ ሲገባቸው፣ ማስተማር ትተው ሌላ ከተማ የወንዶች ቡድን ሲመሩ የቆዩትን መምህርን አስመጡ። ወሬውን የሰማሁ ቀን እናቴን አቅፌ ነው ያዞርኳት።

የመጀመሪያውን ስብሰባ ያደረግነው ኳስና መረብ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው። መምህር ሰላምታ አላበዙም።

"ሦስት ዓመት ስጡኝ ብያለሁ፤ ሰጥተውኛል" አሉ። "ዘንድሮ እንሸነፋለን። ይህን አሁኑኑ ተቀበሉት። ከውጭ ያለቀለት ተጫዋች አላመጣም። ልጆች እዚሁ አሉ። ቢጠና አሉ፣ በዴሳ አሉ፣ ሄዶ ያያቸው ሰው የለም እንጂ። እነሱን ሰብስበን፣ አብልተን፣ አስተምረን እንሠራለን።"

አንዷ፣ "እኛስ?" ብላ ጠየቀች።

"እናንተ የዛሬ ሰዎች ናችሁ" አሉና ወደ ሌላ ነገር አለፉ።

ልምምድ ሲያዩ ልማድ ነበራቸው፤ ኳስ የያዘችውን አያዩም። ኳስ የሌላቸው ልጆች የት እንደቆሙ፣ ሲደክማቸው ማንን እንደሚቆጡ ነው የሚያዩት። እኔ ይህን እያየሁ፣ "ከእሳቸው ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም" እያልኩ እኮራባቸው ነበር።

አንድ ከሰዓት ከልምምድ በኋላ ጠሩኝና የሜዳውን ጠርዝ ይዘን ዞርን። ከነባሮቹ ስድስቱ እንደሚሰናበቱ ነገሩኝ። ስም ሲጠሩ አራተኛዋ ጓደኛዬ ነበረች። መሃል ተከላካይ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ከፊቴ ቆማለች። እኔ ሳልጮህ የምትሰማኝ፣ ሳትዞር የት እንዳለሁ የምታውቅ ሰው ናት። ደነገጥኩ።

"እሷ እንኳ ትቆይ፣ መምህር።"

"ፍጥነቷ ሄዷል። አንቺም ታውቂዋለሽ።" አውቀዋለሁ። "ለማንም አትንገሪ። በጊዜው እኔው እነግራቸዋለሁ። አንቺን ግን አልነካሽም። ቤት ሲታደስ ምሰሶ አይነቀልም።"

ምሰሶ መባሌ ጣፈጠኝ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ሳህን እየበላሁ፣ በአንድ ባጃጅ ወደ ሰፈር እየተመለስን፣ ትንፍሽ አላልኩም። እሷ ስለሚቀጥለው ዓመት ታወራለች፤ እኔ አዎ አዎ እላለሁ። የማሊያ ቁጥር ዝርዝር ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ ስሟ የለም። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበችና ወደ እኔ ዞረች።

"ታውቂ ነበር?"

"መምህር ይነግሩሻል ብዬ ነው…"

"ታውቂ ነበር።" ሁለተኛው ጥያቄ አልነበረም። ጫማዋን በፌስታል አድርጋ ወጣች። ሻንቶ፣ የአባቷ አገር ሄዳ መንገድ ዳር ሱቅ ከፈተች ሲሉ ሰማሁ። ስልኬን አታነሳም ነበር።

ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት፣ በዚያው ክረምት፣ የእኔም ውል አልቆ ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ቡድን ደወለልኝ፤ ዕድሜዬን እያወቁ፣ "ሁለት ዓመት ጥሩ አድርገሽ ትጫወቻለሽ" አሉኝ። እንዲህ ያለ ስልክ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው የተደወለልኝ። መምህር በማግስቱ ቤታችን መጡ። እናቴ ቦዬ የምንለውን ሥራሥር ቀቅላ ከዳጣ ጋር አቀረበችላቸው። እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ነው የተናገሩት።

"ነባሮቹ እንደሚወጡ ታውቂያለሽ። አሁን የሚመጡት ልጆች ከእናታቸው ጓዳ የወጡ ናቸው። አንቺ ከሄድሽ ማንን ያያሉ? ሁለት ዓመት ፈርሚልኝ። ፊርማሽን ሲያዩ ይረጋጋሉ።"

እናቴ፣ "እሳቸው ካሉሽማ" አለች። ፈረምኩ። ለአዲስ አበባዎቹ ደውዬ አልመጣም ስላቸው ሰውየው፣ "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ፤ "እርግጠኛ ነኝ" አልኩት።

ከዚያ ልጅ ፍለጋ ተጀመረ። መምህር በየወረዳው የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲኖር ይዘውኝ ይሄዳሉ፤ በሚኒባስ፣ ሚኒባስ በማይገባበት በሞተር። ሴት ልጅ ከቤት ለማውጣት ሴት ይዞ መሄድ እንደሚሻል ያውቃሉ። ቢጠና ያገኘናት ልጅ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከባሕር ዛፍ በተሠሩ ሁለት ቋሚዎች መካከል በባዶ እጇ ትቆማለች። አንድ ኳስ በጣም ቅርብ ሆኖ ተመታባት፤ አልያዘችውም፣ ግን ዓይኗን አልጨፈነችም። መምህር ወደ እኔ አዩ፤ እኔም አየኋቸው። ሁለታችንም ያንኑ ነው ያየነው።

ቤቷ ሄድን። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ በቆሎና ስኳር ድንች እያረሰች አራት ልጆች ታሳድጋለች። ቢጠና ሙቀቱ ያደክማል፤ ጥላ ሥር አስቀመጠችንና የሚበላ አቀረበች፤ ከዚያ እኔን ብቻ እያየች በወላይትኛ ተናገረች።

"ቡድን የሚባል ሰው አላውቅም። ድርጅት የሚባልም አላውቅም። አንቺ ሴት ነሽ፣ የሰው ልጅ ነሽ። የምሰጣት ላንቺ ነው። አንቺ ጋር ትኖራለች?"

"እኔ ባለሁበት ትኖራለች" አልኳት።

"አንቺ ሳትኖሪስ?"

"እኖራለሁ። ፈርሜያለሁ።"

መምህር ያን ጊዜ ዶሮዎቹን ነበር የሚያዩት። ሙቀቱ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ልጅቷ ከእኔና ከእናቴ ጋር መኖር ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ከሌሎቹ ቀድመን ሜዳ እንገባለን፤ ዳሞታ ተራራ ላይ ጉሙ ሳይነሳ እጃችን ኳስ ይዟል። የማውቀውን ሁሉ ሰጠኋት። ዳሌዋን ሳትጎዳ መውደቅን፣ የማዕዘን ምት ሲመጣ የት እንደምትቆም፣ በወላይትኛም በአማርኛም ተከላካዮቿ ላይ መጮህን። መጀመሪያ ታላላቆቿ ላይ መጮህ አፍራ አልቻለችም፤ ሜዳ መሃል አቁሜያት አጥር ጋ ያለውን ዘበኛ በስሙ ስትጠራው ዋለች። ፍፁም ቅጣት ምት ሲመጣ ደግሞ ኳሷን ሳይሆን የመቺዋን የቆመ እግር እንድታይ ነገርኳት፤ የቆመው እግር ወዴት እንደዞረ ኳሱም ወደዚያ ነው። ይህን ራሴ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኝ ነው ያወቅኩት። እሷ በአንድ ሳምንት ወሰደችው።

የመጀመሪያው ዓመት እንደተባለው ነበር። ተሸነፍን። አንድ ጊዜ አምስት ገብቶብን ስንመለስ ሰርቪሱ ውስጥ ልጆቹ ሁሉ ያለቅሳሉ። ከፊት ወንበር ተነስቼ፣ "አምስቱም የገባው በእኔ ነው፤ እናንተ ምን አስለቀሳችሁ?" ብዬ አሳቅኳቸው። መምህር ዞር ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ አስተያየት ለወራት ስንቅ ሆኖኛል። እኔም ልሰናበት እንደምችል ረስቼ፣ እዚህ ስለቆየሁ ቡድኑ የእኔ እንደሆነ አምኜ ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ልጆቹ መጠንከር ጀመሩ። መምህር፣ "ጉልበትሽን አሳርፊው፤ ዛሬ ልጅቷ ትግባ" ማለት አመጡ። ደስ እያለኝ ተቀያሪ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። እንዲያውም በዴሳ ላይ ለወዳጅነት ጨዋታ ስንሄድ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ "እሷ ትግባ፤ ደርሳለች" ያልኩት ራሴ ነኝ። መምህር፣ "ደርሳለች ትያለሽ?" ብለው ደግመው ጠየቁኝ። "ደርሳለች" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ወር ያህል ቆይቶ፣ የዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ላይ፣ በባጃጅ ወደ ሶዶ መርካቶ ስሄድ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው፤ ትሑት የሴት ድምፅ።

"አምበሏ ነሽ አይደል? ከንብረት ክፍል ነው የምደውለው።" የአንድ ሩቅ ከተማ ቡድን ስም ጠራች። "ትጥቅ ልናዝ ነው፤ የጓንት ቁጥርሽን ትነግሪኛለሽ?"

"ተሳስተሻል መሰለኝ፤ እኔ የሶዶ ተጫዋች ነኝ።"

"አውቃለሁ። ከእረፍት በኋላ ወደኛ ትመጪ የለ? እኛ ሁለት ወጣት አማካዮች ሰጥተን አንቺን በልውውጥ…" ድምፅዋ ቆመ። "ውይ በሞትኩት! አልነገሩሽም እንዴ?"

"ዘጠኝ" አልኳት።

"ምን?"

"የጓንት ቁጥሬ። ዘጠኝ ነው።"

ለምን እንደነገርኳት እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ሴትየዋ አሳዘነችኝ፤ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩና ወደ ድርጅቱ ቢሮ በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሰዎች "ሳሮ፣ አምበል!" እያሉ በወላይትኛ ሰላም ይሉኛል፤ እኔም እጄን አነሳለሁ።

መምህር ብቻቸውን ነበሩ። ፊቴን አይተው ጋዜጣቸውን አጣጠፉት።

"ልነግርሽ ነበር።"

"መቼ?"

"ሁሉ ነገር ሲያልቅ።"

"ካለቀ ስንት ጊዜው ነው?"

"ወር ሊሞላው ነው።"

መምህር ሲጠየቁ አይዋሹም። እንዳይጠየቁ አድርገው መኖር ግን ያውቁበታል። ወንበር ላይ ሳልቀመጥ ጠየቅኳቸው። "ባልፈርምልዎ ኖሮ?"

"በነፃ ትሄጂ ነበር። በምትክሽ ምንም አናገኝም ነበር።"

"ስለዚህ ቤታችን የመጡት…"

"ያኔ በእውነት እፈልግሽ ነበር። አሁን ደግሞ ሁለት አማካዮች እፈልጋለሁ። ቡድን የሚሠራው እንዲህ ነው። የዝውውሩን ወረቀት ካልፈረምሽ ማንም አያስገድድሽም፤ ግን እዚህ ከቆየሽ የምትቀመጪው ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። ይህንንም ልደብቅሽ አልችልም።"

"አሁን ነው መደበቅ ያቃተዎት?"

ያጣጠፉትን ጋዜጣ ወደ ጎን ገፉት። ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዱት አድርገው፣ "ብነግርሽ ልጅቷን ከልብሽ አታስተምሪያትም ነበር" አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሆዴ የገባው። መሸጤ አልነበረም የጎዳኝ፤ ኳስ ተጫዋች ይሄዳል ይመጣል። ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሰው፣ ኳስ የሌለውን ሰው የሚያዩት ሰው፣ እኔን እንዲህ ነው ያዩኝ።

"አስተምራት ነበር" አልኩ።

"ሰው ነሽ። አንችልም።"

"አስተምራት ነበር፣ መምህር! ቢጠይቁኝ አስተምራት ነበር! አባቴን ምን እንዳሉት ረስተዋል?"

"አልረሳሁም። ያኔ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። አሁን ሃያ አራት ናቸው።"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "አንተ" ልላቸው አፌ ላይ ደረሰ። ምላሴ እምቢ አለኝ። ያስተማሩኝን ያህል አንቱታውም ሥር ሰዶብኝ ኖሯል፤ እየጮህኩ እንኳ "እርስዎ" ነው የምለው። ይህ ራሱ አናደደኝ።

ልወጣ በሩን ስይዝ ጠሩኝ። "አንድ ነገር ልለምንሽ። ልጅቷ የምትጫወተው በአንድ ዓመት ወረቀት ነው። የረዥም ጊዜ ውል ላስፈርማት ነው፤ ዕድሜዋ ስላልሞላ እናቷ መፈረም አለባት። እናቷ ያለ አንቺ አትፈርምም።"

ሳቅኩ። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው።

ቤት ስደርስ ልጅቷ በረንዳው ላይ ጓንቶቻችንን እያጠበች ነበር፤ የእኔንም የእሷንም። ነገርኳት። ፊቷ አልተለወጠም። ሳሙናውን አስቀመጠችና መሬት መሬት አየች።

"መቼ ነው የሰማሽው?"

"ሁለት ሳምንት ሆነኝ።" ድምፅዋ አይሰማም። "ለማንም አትንገሪ፣ በጊዜው እኔው እነግራታለሁ አሉኝ።"

እጄ ለጥፊ ተነስቶ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአንድ ክፍል ተኝታ፣ ጠዋት ጠዋት የምወረውርላትን ኳስ እየያዘች! ግን ቃሎቹን አወቅኳቸው። ለእኔ የተነገሩኝ ናቸው፤ አንድም አልተቀየረም። ጓደኛዬ ማሊያ ዝርዝሩ ፊት ቆማ ያየችኝ አስተያየት መጣብኝ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ሆኖ ነው ዝም ያልኩት፤ ይህች ገና አሥራ ሰባት ናት። እጄን አወረድኩና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

"እኔም እሄዳለሁ" አለችኝ እያለቀሰች፤ እናቷን አዬ ነው የምትላት። "አዬ የሰጠችኝ ላንቺ ነው።"

አልዋሽም፤ ያን ቀን ማታ በልቤ ያንን አጣጣምኩት። የመምህር እቅድ ሁሉ በዚህች ልጅ ላይ ነው የቆመው። እናቷን "አትፈርሚ" ካልኳት ሁለት ዓመት የለፉበት ቤት በረኛ የለውም። አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ።

ቅዳሜ ብቻዬን ቢጠና ወረድኩ። እናቷን ማሳ ውስጥ አገኘኋት። የሆነውን ሁሉ፣ ምንም ሳልቀንስ ነገርኳት። መቆፈሪያዋን ተደግፋ ሰማችኝ።

"እሳቸው አይደሉም ቃል የሰጡኝ" አለችኝ። "አንቺ ነሽ።"

"አዎ።"

"'እኖራለሁ፣ ፈርሜያለሁ' ብለሽኛል።"

"ብያለሁ። እኔም ተታልዬ ነው።"

"አንቺ ብትታለዪ እኔ ምን አገባኝ?" አለች። መቆፈሪያዋን ከመሬት ነቅላ፣ "እንደ እህቷ ንገሪኝ። ትቆይ ወይስ ትምጣ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ትምጣ ልል መጥቼ ነበር መሰለኝ። ልጅቷ ግን በዚያ ዓመት ትምህርቷን ሶዶ ላይ ጥሩ አድርጋ ይዛለች፤ በኳሱም እኔ ካየኋቸው በረኞች ሁሉ ትበልጣለች። እሷን ከሜዳ አውጥቼ መምህርን ብቀጣ፣ ቅጣቱ በማን ላይ ነው?

"ትቆይ" አልኩ። "ከእናቴ ጋር ትኖራለች። እናቴ የትም አትሄድም። ውሉን ስትፈርሚ ግን ራስሽ ሶዶ ነይና ቤቱንም ሰውየውንም አይተሽ ፈርሚ። በእኔ ቃል አትፈርሚ።"

ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቁፋሮዋ ተመለሰች። የሚበላ አላቀረበችልኝም፤ ውሃ እንኳ። በእኛ አገር ከሩቅ የመጣ እንግዳን እንዲህ መሸኘት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ከዚያ በላይ መናገር አያስፈልግም።

ወደ ሩቁ ከተማ ሄድኩ። ወንበር ላይ ከምቀመጥ ብዬ ነው። ጓንቱ ልኬ ነበር። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ የደወለችልኝ ሴትዮ እንዲያውም ባየችኝ ቁጥር ታፍራለች። ግን ከተከላካዮቼ ጋር ቋንቋችን አልገጠመም፤ የት እንዳሉ አላውቅም፣ የት እንዳለሁ አያውቁም። በተከታዩ ዓመት ጉልበቴ አበጠ፤ ሐኪሙ እረፊ አለኝ፤ አረፍኩ፤ ሳልመለስ ቀረሁ።

የመምህር ሦስተኛ ዓመት እሳቸው እንዳሉት ሆነ። ሰው ቡድናችንን መፍራት ጀመረ። "ቡድናችን" እያልኩ መጥራቴን ማቆም አልቻልኩም። ትልቁን ጨዋታ የተከታተልኩት እዚያው ሩቅ ከተማ፣ ቤት ዘግቼ፣ በስልኬ ነው። መጨረሻው ላይ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠባቸው። ልጅቷ መስመሩ ላይ ቆማ ወደ ታች ስታይ አየኋት። የቆመውን እግር ነው የምታየው። ወደ ግራዋ ተወርውራ ያዘችው። ትራሴን አፌ ላይ አድርጌ ጮህኩ፤ ከዚያ ረዥም ሰዓት አለቀስኩ፤ ምን ያህሉ ደስታ፣ ምን ያህሉ ሌላ ነገር እንደነበር አልለየሁትም።

በማግስቱ መምህር ሬዲዮ ላይ ቀረቡ። የድርጅቱን አመራሮች፣ ደጋፊዎችን፣ የዞኑን ስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ "ባለድርሻ አካላትን በሙሉ" አመሰገኑ። እኔ የትኛው ባለድርሻ ውስጥ እንደምገባ እየፈለግኩ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ።

ሶዶ እንደተመለስኩ መጀመሪያ የሄድኩት ሻንቶ ነው። የጓደኛዬን ሱቅ ጠይቄ አገኘሁት። ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ለአንዲት ሴት ዘይት ትቀዳለች። አየችኝ፤ ዘይቱን ቀድታ ጨረሰች፤ ሴትየዋ እስክትሄድ ጠበቀች።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት" አልኳት። "አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩሽ።"

"አንቺንም እንዲሁ እንዳደረጉሽ ሰምቻለሁ።"

"በዚያ ምክንያት አይደለም የመጣሁት።" ትንሽ አሰብኩና፣ "በዚያም ምክንያት ነው" አልኩ።

ሚዛኑን በጨርቅ ጠረገች። "ያኔ ምን እንዳጠፋሽ ታውቂያለሽ? የዝውውሩ ጊዜ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ነበረው። ብትነግሪኝ ሌላ ቡድን እፈልግ ነበር፤ አንድ ሁለት ዓመት እጫወት ነበር። ዝርዝሩ የተለጠፈው በተዘጋ ማግስት ነው። የወሰድሽብኝ ሦስት ሳምንት ነው።"

ይህን አላውቅም ነበር። ዝም ማለቴ ዝምታ ብቻ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። መምህር ግን ቀኑን ያውቁ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ነባሮቹ በጊዜ አውቀው ወደ ሌላ ቡድን ገብተው እንዳይጫወቱባቸው ነው። ጓደኛዬ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። በርጩማ ሰጠችኝ፤ ተቀመጥኩ፤ ደንበኛ ሲመጣ እያቋረጠች ስለ ልጆቿ ነገረችኝ። አሁን አንዳንዴ እንደዋወላለን።

ዛሬ ሶዶ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ሴት ልጆችን አሰለጥናለሁ። ባለፈው ዓመት መምህር ወደ ሜዳው መጡ። አርጅተዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ልምምዱ እስኪያልቅ መስመሩ ዳር ቆመው ጠበቁኝ።

"የበረኛ አሰልጣኝ እፈልጋለሁ" አሉኝ። "ልጅቷም ካንቺ በቀር ማንንም አትሰማም።"

"ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ትመጣለች፤ አብረን እንሠራለን። ለእሷ እርስዎ አያስፈልጉኝም።"

አላወቁም ነበር። ፊታቸው ላይ አየሁት።

"ይቅር አላልሽኝም ማለት ነው?"

"መቼ ይቅርታ ጠየቁኝ፣ መምህር?"

አሰቡ። የእውነት ነበር ያሰቡት፤ ሲጠየቁ እንደማይዋሹ አውቃለሁና ጠበቅኩ። "ልክ ነሽ፤ አልጠየቅኩሽም" አሉ። ቀጥሎ የሚመጣውንም ጠበቅኩ። አልመጣም። ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ "በይ ደህና ዋይ፤ እናትሽን ሰላም በይልኝ" ብለው ወደ መንገዱ ወጡ። ባጃጅ ቆመላቸው፤ ከዘራቸውን ቀድመው አስገብተው ቀስ ብለው ገቡ።

እናቴን ሰላም ብለውሻል አልኳት። "እግዚአብሔር ይስጣቸው" አለች፤ እሷ ዛሬም ታከብራቸዋለች፤ እኔም የሆነውን ሁሉ ዘርዝሬ አልነገርኳትም።